ለውሸት ጠብ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ነቀምቴ ውስጥ በዚያ ሳምንት ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር የቀረው፤ «የምር ተጣልተዋል» የሚልና «እያሞኙን ነው» የሚል። ሦስተኛ ዓይነት ከተገኘ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነው፤ እሱም ከአውቶብስ ሳይወርድ በመስኮት አቋሙን ተጠይቆ ነው ከተማ የሚገባው። ባጃጅ ነጂው መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ይከራከራል። አንድ ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ላጭቶ፣ ግማሹን «መጀመሪያ ወገንህን ለይ» ብሎ በመያዣነት አስቀርቶታል አሉ። ቡርቃ ጃቶ ያለች አንዲት ላም ደግሞ ክርክሩ ከተነሳ ወዲህ በሁለት ጡቷ እውነት፣ በሁለቱ ውሸት ትታለባለች ይባላል። ይሄንን ያየ የለም፤ የማለ ግን ብዙ ነው።

የሚያከራክሩት ሁለቱ ቀልደኞች፣ መርጋና ታንጉት ናቸው። በየሳምንቱ ማክሰኞ በዩቲዩብ በቀጥታ የሚተላለፍ «የኩርፊያ ሰዓት» የሚባል ዝግጅት አላቸው። መርጋ ጠያቂ፣ ታንጉት ተጠያቂ። እሱ ጥርሱን ሊነቀል እንደተቀመጠ ሰው ፊቱን ቋጥሮ ይጠይቃል፤ እሷ ወደ ግድግዳው እያየች በግማሽ አፏ ትመልሳለች፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሰው የሚስቀው በቀልዱ ሳይሆን በዝምታው ነው። አንድ የጊምቢ ሰው በዚያ ዝምታ ሆዱ በሳቅ ቆስሎ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ፣ ሐኪሙ «እስቲ ምን አይተህ ነው?» ብሎ አብሮ አየና ጎን ለጎን ተኙ ነው የሚባለው።

ባለፈው ማክሰኞ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ታንጉት መሀል ላይ ከወንበሯ ተነሳች፤ ማይኩ ከአንገትጌዋ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩን በርግዳ ወጣች። ካሜራው ባዶ ወንበርና የመርጋን የደረቀ ፊት ሲያሳይ ቆይቶ ጠፋ።

ታንጉት ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ልትገዛ ነበር እንጂ ክስ ልታሰማ አልነበረም። ሽንኩርት ሻጯ ግን ሚዛኑን አስቀምጣ ሁለት እጇን ያዘቻት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽብኝ? ያ ፊተ ክረምት አስለቀሰሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ፣ አዴ» አለች፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«ደህና ነኝ ትላለች! ዓይንሽ የት ገባ? ቆይ እኔ ላግኘው፣ በዚህ የሚዛን ድንጋይ ነው ግንባሩን የምመዝነው።»

ጎመን የደረደረችው ጎረቤቷ ጣልቃ ገባች። «ተያት ባክሽ፣ ሶባ ነው! ውሸታቸውን ነው። እነሱ ማታ አብረው ይበላሉ፣ እኛ እዚህ እንቃጠላለን።»

«ዱጋ ነው እንጂ! እውነተኛ እንባ አላየሽም?»

«እንባማ በሽንኩርትሽም ይመጣል።»

ሁለቱ ሴቶች ተፋጠጡና፣ መፍትሔ ሲያጡ ሁለቱም ወደ ታንጉት ዞሩ። «እስቲ አንቺው ንገሪን። ዱጋ ሞ ሶባ?»

እውነት ወይስ ውሸት? ታንጉት ሽንኩርቷን አንስታ «ቶሌ» ብላቸው ሄደች። ቶሌ ማለት እሺ ማለት ነው። ለተጠየቀችው የሚሆን መልስ አይደለም፤ ለደከመው ሰው ግን ይመቻል። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም መልሱን አታውቀውም ነበር። ጥላቻን ለረጅም ጊዜ ስትለብሺው ከቆዳሽ ጋር ይላመዳል፤ የትኛውን አውልቀሽ የትኛውን እንደምታስቀሪ ይጠፋሻል። ከገበያው እስከ ቤቷ ያለው መንገድ እንደዚያን ዕለት ረዝሞባት አያውቅም።

ታንጉት የአንገር ጉቲን ልጅ ናት። አባቷ አቶ ዋለ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው እዚያ ቆላ የወረዱ ገበሬ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገሩ ሲታመስ ቤትና ማሳቸውን ጥለው ነቀምቴ ገቡ፤ አሁን የአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ዘበኛ ናቸው። ታንጉት ከጉቲን ይዛ የወጣችው ምላሷን ነው። በሰው ሠርግ ላይ ስለ አገሯ ትንኝ ታወራ ነበር። የጉቲን ትንኝ ጨዋ ናት፣ ከመግባቷ በፊት ታንኳኳለች፤ አጎበር ውስጥ ከተኛህ ጫፉን ገለጥ አድርጋ «ትንሽ ጠጋ በልልኝ» ትላለች፤ ደምህን ጠጥታ ስትጨርስ «ጨው ቀንስ፣ ለጤናህ አይሆንም» ብላ መክራህ ትሄዳለች።

መርጋ ይሄን ሰምቶ ነው ለቃለ መጠይቅ የጠራት። እሱ ያኔም ስም ያለው ቀልደኛ ነው፤ አባቱ ኦቦ ታፋ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፎቅ ፔንሲዮን ያላቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ካሜራው ተከፈተ። መርጋ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ቃል ጠፋው። ግንባሩ ላቡን አፈሰሰ። ብዙ ቆይቶ፣ ራሱ የጠራትን ልጅ፣ «አንቺ… ማነሽ?» አላት።

«አንተው ጠርተኸኝ አንተው ማነሽ ትለኛለህ? ቤት ተሳስቼ ከሆነ ልውጣ።»

ያየ ሁሉ በሳቅ ተንከባለለ። ንቋት ነው ተባለ፤ እሷም ንቆኛል ብላ ቤቷ ገብታ አነባች። ከዚያ በኋላ ነው መርጋ አባቷ የሚጠብቁት ሱቅ ምስማር ሊገዛ መመላለስ የጀመረው። ዛሬ ምስማር፣ ነገ ምስማር። በገዛው ምስማር ነቀምቴን ከደምቢ ዶሎ ጋር መስፋት ይቻል ነበር፤ ባለ ሱቁም «ልጄ፣ የኖኅን መርከብ እየሠራህ ከሆነ እኔንም አስገባኝ» እስኪለው ድረስ። ታንጉት ለአባቷ ምሳ ይዛ የምትመጣበትን ሰዓት ጠብቆ አንድ ቀን በሩ ላይ አገኛት።

«ያን ቀን ጥያቄ አልጠፋኝም» አላት። «ያየሁት ነው አፌን የዘጋው።»

እንግዲህ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሰው በካሜራ ፊት ያየው ጥላቻ ከመጀመሪያው ፍቅር ነበር። ሕዝቡ ግን ጥላቻውን ወደደው፤ እነሱም የሕዝቡን ውዴታ ወደዱ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይኮራረፋሉ፤ በሌላው ቀን ሶርጋ መንገድ ላይ ሰው በሌለበት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እሷ ኦርቶዶክስ፣ የሰፋሪ ልጅ፣ የዘበኛ ልጅ። እሱ ፕሮቴስታንት፣ የኦቦ ታፋ የመጀመሪያ ልጅ። መርጋ አባቱን እንደ መብረቅ ይፈራል። «ከፋሲካ በኋላ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ፋሲካ መጥቶ ሄደ። «መስቀል ይለፍ» አለ፤ መስቀልም አለፈ። «ዝግጅቱ ትንሽ ይጠንክር፤ መዋደዳችን ከታወቀ ማን ያየናል? እናያለን» አለ። ከቃላት ሁሉ ታንጉት የምትጠላው ይሄንን «እናያለን» ነው። ሰው «እናያለን» ሲል ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ እንግዲህ፣ መርጋ እንደተስማሙት ስለ ጫማዋ ሊጠይቃት ሲል ቀደመችው።

«እኔ ልጠይቅህ። ቃል የገባ ሰው ስንት ፋሲካ ይጠበቃል?»

ይሄ ከተጻፈው ውጭ ነበር። መርጋ ገባው። የግራ ዓይኑ ሽፋን ተርገበገበ፤ ሰው ግን ጠብ መሰለው። ስርጭቱ ቀጥታ ነው፣ መቁረጥ የለም። ቀልደኛ ሲጨንቀው ያገኘውን ያነሳል፤ ያነሳው ግን ማንሳት የሌለበትን ነበር።

«የሰፋሪ ልጅ መጠበቅ አይከብዳትም ብዬ ነዋ! አባትሽ ወሎ የሚመልሰው መኪና ይመጣል ብሎ እስከዛሬ ጓዙን አስሮ ይጠብቅ የለ?»

የዚያን ጓዝ ነገር የነገረችው እሷ ነበረች፤ ሶርጋ መንገድ ላይ፣ እያለቀሰች፣ ለእሱ ብቻ።

ቅዳሜ ከገበያ ስትገባ አቶ ዋለ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የዘብ ካፖርታቸውን ቁልፍ ይሰፋሉ።

«ልጀ፣ ጃርሶች መጥተው ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ኦቦ ጂሩና ጫንያለው። ያገር ሽማግሌ ሁነው ነው የመጡት።»

የታንጉት ሽንኩርት ከእጇ ወደቀ። ላከ! መርጋ ላከ! ልቧ ከደረቷ ወጥቶ ግቢውን ዞሮ ሊመለስ ትንሽ ቀረው። የማክሰኞው ሁሉ፣ ያ ክፉ ቃል፣ ያ ሁሉ መስቀልና ፋሲካ፣ በአንድ ጊዜ እንደ ጉም ተነሳላት። ተጸጽቶ ነው። አባቱን ተጋፍጦ ነው።

«ምን… ምን አሉህ አባዬ?»

«ከዚያ ከታፋ ልጅ ጋር ሊያስታርቁሽ ነው። እሁድ ከቤተ ስኪያን መልስ ኦቦ ጂሩ ግቢ ተቀመጡ ብለዋል።»

ጉሙ ተመልሶ ወረደ። ታንጉት ውሃ መቅጃው ጀሪካን ላይ ዝፍ ብላ ተቀመጠች።

«ማን ላካቸው?»

«ማንም። በራሳቸው ነው የመጡት።» አቶ ዋለ ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። «ኦቦ ጂሩ ምን አለኝ መሰለሽ፦ ‹ወጣቱ ይሄን እያየ ይስቃል። እኛ ግን የትናንቱ አመድ ገና እንዳልቀዘቀዘ እናውቃለን። ዛሬ አንድ የኦሮሞ ልጅና አንዲት የሰፋሪ ልጅ በአደባባይ ሲናከሱ ዝም ካልን፣ ነገ ሰፈሩ ይናከሳል› አለኝ። እውነቱን ነው።»

«አንተስ… ተቀይመህ ነው?»

«እኔማ ምን እቀየማለሁ? ብቻ ልጁ አላወቀም። መኪናማ የምጠብቀው የለኝም፤ መኪናው ድሮ አልፏል። ጓዙን ያሰርሁት አንዴ ባዶ እጁን የወጣ ሰው ሁለተኛ ባዶ እጁን እንዳይወጣ ብየ ነው።» ካፖርቱን አራገፉ። «አንች ግን ምን ሁነሽ ነው እንዲህ አመድ የመሰልሽ?»

ምን ብላ ትንገራቸው? ስልኳ ጮኸ። መርጋ የላከው ድምፅ ነበር፤ ጓዳ ገብታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችው።

«ታንጉዬ፣ የጃርሶቹን ሰማሽ አይደል? አባቴም ይመጣል። በናትሽ እንዳታሳብቂ። እኔ አጠፋሁ እላለሁ፣ አንቺ ይቅር ብያለሁ ትያለሽ፣ ተሳስመን እንነሳለን፤ ማንም ምንም አያውቅም። ለተናገርኩት ደግሞ… አፌን በቆረጠው። ስለ ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ስልኩን ዘግታ ወጣች። ሽንኩርቱን ከመሬት ለቀመች፤ እየላጠች ሳለ እንባዋ ወረደ፤ ጎመን ሻጯ ትዝ አለቻትና ሳቅ ቢጤ አመለጣት። ከዚያ ሳቁም ደከማትና ተወችው።

እሁድ ሁለቱም ወገን ከየቤተ ክርስቲያኑ መልስ ኦቦ ጂሩ ግቢ፣ አቮካዶው ጥላ ስር ተሰበሰበ። ኦቦ ጂሩ ዕድሜያቸው የማይታወቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ያስታረቋቸው ሰዎች ቢሰለፉ ጫፉ ባኮ ይደርሳል ነው የሚባለው፤ አንዴማ ጅብና አህያ አስታርቀው፣ ጅቡ ለአህያዋ ልጅ ክርስትና አባት ሆኗል። እርጥብ ሰርዶ በእጃቸው ይዘው ተነሱና በኦሮምኛ መረቁ። ኦቦ ታፋ በየመሀሉ «ሃ ታኡ» ይላሉ፤ አቶ ዋለ «አሜን» ይላሉ፤ ምርቃቱ አንድ ነው።

ታንጉትና መርጋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የሚያዩት ግን መሬት መሬቱን ነው።

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ጂሩ፣ «ሳንጀምር ቃል ስጡን። በያዝነው ሰርዶ፣ እኛ የፈረድነውን ትቀበላላችሁ?»

«እቀበላለሁ» አለ መርጋ ፈጠን ብሎ።

«እቀበላለሁ» አለች ታንጉት።

መርጋ ተነስቶ ይቅርታውን ጀመረ። ሲናገር ያምርበታል። ድምፁ በቦታው ይሰበራል፣ በቦታው ይነሳል። አቶ ዋለን «አባቴ» አላቸው፤ በካሜራ ፊት አንቱታ ነፍጓቸው ስለነበር አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንቱ አላቸው። ጎጃሜው ነጋዴ አቶ ጫንያለው ራሳቸውን እየነቀነቁ «በል እንጂ! ጨዋ ልጅ!» ይላሉ። ታንጉት ግን እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች። ይሄ ጠያቂው መርጋ ነው፤ ምስማር ገዢው አይደለም።

«አንቺስ ልጄ?» አሏት።

«ይቅር ብያለሁ።»

ቃሉ ከአፏ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ከአንገት በላይ ነው» አሉ አቶ ጫንያለው። «በሉ ውጡልን፤ እንምከር።»

ደንቡ ነው፤ ባለጉዳዮቹ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ሁለቱ ከበሩ አጠገብ፣ ዶሮ ቤቱ ጋ ቆሙ። መርጋ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ተናገረ።

«ጥሩ ነው። አልቋል። ሊስሙን ነው።»

«መርጋ።»

«እ?»

«ደክሞኛል።»

«እኔስ? ሌሊቱን አልተኛሁም እኮ።»

«እንቅልፍ አላልኩህም።»

ዞሮ ሊያያት ሲል ተጠሩ።

ኦቦ ጂሩ ሰርዶውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «መርጋ፣ የሰው ጓዝ አደባባይ አውጥተሃልና አቶ ዋለን ጋቢ ታለብሳለህ። ይሄ ካሣው ነው። የልጅቷ ልብ ግን እንዳልበረደ አይተናል፤ አንፈርድባትም። ያልበረደ ነገር አንድ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ፣ ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ካሜራ ፊት አትቀመጡም። በስልክም በአካልም አትፈላለጉም። እሱ በመንገዱ፣ እሷ በመንገዷ። ከተማውም ያርፋል።»

«ቶሌ!» አሉ ኦቦ ታፋ፣ ደስ ብሏቸው። «ይሄ ነው ፍርድ!»

አቶ ዋለም «እግዜር ይስጥልን» አሉ።

ታንጉት መርጋን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል። ዝምታ ወረደ፤ ያ በየማክሰኞው ሰው የሚስቅበት ዝምታ። እዚህ የሚስቅ አልነበረም።  ጠበቀችው። አሁን ይናገራል። አሁን። ወደ አባቱ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ዓይኑ መልሶ ጫማው ላይ ወደቀ። እናያለን ሊል ነው፣ አለች በልቧ። እዚህም እናያለን ሊል ነው። የዚያን ጊዜ ቁጣዋ እንኳ የለም፤ ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው ሸክሙን ጣል ሲያደርግ እንደሚሰማው ዓይነት ነገር ብቻ ነበር።

ተነሳች። «ፍርዱን ተቀብያለሁ፣ አባ ኮ» አለች ኦቦ ጂሩን። «ካሁን በኋላ አልፈልገውም።»

«አልቀበልም!»

የጮኸው መርጋ ነበር። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገልብጧል።

«ምን አልክ?» አሉ አቶ ጫንያለው። «ቃል ሰጥተህ የለ?»

«አልቀበልም። እወዳታለሁ!»

 ከዚያ አቶ ጫንያለው ሳቁ። በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። «ወይ ይሄ ልጅ! እዚህም አልተወንም!» ኦቦ ጂሩም ፂማቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ኦቦ ታፋ እንኳ፣ በልጃቸው ቀልድ ስቀው የማያውቁት፣ እንባቸውን ጠረጉ።

«እውነቴን ነው! እወዳታለሁ!»

ይባስ ሳቁ። ፊቱ ነው የሚያስቃቸው፤ ያ ፊት ቋጠሮውን ከፈታ ዓመታት አልፈዋል፣ አሁን እውነት ሲናገርም አልፈታ አለው። መርጋ እንደሚሰምጥ ሰው ወደ ታንጉት ዞረ። «ንገሪያቸው። ባክሽ ንገሪያቸው።»

ኦቦ ጂሩ ሳቃቸውን ዋጡና ጠየቋት። «ዱጋ ሞ ሶባ፣ ኢንተላ ኮ?»

ከተማው ሁሉ የጠየቃት ጥያቄ ነው። አንዲት ቃል ብትናገር ታድነው ነበር።

«አላውቅም አባ ኮ» አለች።  «በካሜራ ፊት ጠላኝ፣ ከካሜራ ኋላ ወደደኝ። ለአባቴ ሽማግሌ እልካለሁ አለኝና አልላከም። ማክሰኞ ዕለት የጠየቅሁት እሱን ነበር። የሰደበኝ ሰው አልጎዳኝም። ያስጠበቀኝ ነው የጎዳኝ። የትኛው መርጋ እውነት እንደሆነ እኔንም ንገሩኝ።»

ሳቁ ከየአፉ ወደቀ። አቶ ዋለ ልጃቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩዋት።

መርጋ ወደ አባቱ ሄደ። ለተመልካች ሁሌም የሚቀልደው በአማርኛ ነው፤ ከአባቱ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ፣ በዚያ ቋንቋ ደግሞ በአባቱ ፊት ቀልዶም ዋሽቶም አያውቅም። ተንበረከከ።

«አባ፣ ኢንተላ ከነ ነን ጃለደ።» አባ፣ ይቺን ልጅ እወዳታለሁ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ያኔ ዝም ያልኩት ንቄ አልነበረም። እስካሁን ዝም ያልኩት ደግሞ አንተን ፈርቼ ነው። እሷ ይሄ ሁሉ አይገባትም ነበር።» ቋጠሮው ተፈታ፤ ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ተበታተነ፣ ለማየት እንኳ ያሳፍር ነበር። በዚያ ፊት የሚስቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

ኦቦ ታፋ ልጃቸውን ብዙ ጊዜ አዩት። ተነሱ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ወደ በሩ ሄዱ።

አቶ ጫንያለው ነገሩ እንዳይበርድ ፈጠን አሉ። «እንግዲህ ጠቡ ውሸት ከሆነ ፍርዱ ባለቤት የለውም። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ አባት ተቀምጧል፤ ምን እንጠብቃለን? አቶ ዋለ፣ እዚሁ ልጅህን ለ…»

«አይሆንም» አሉ አቶ ዋለ። በዝግታ ነው የተናገሩት። «ለእርቅ በመጣችሁበት እግር ልጀን አትጠይቁኝም። እኔ ድሀ ነኝ፤ ልጀ ግን ሜዳ ላይ የወደቀች ዕቃ አይደለችም፣ ሌላ ነገር ፍለጋ የወጣ ሰው ያነሳት ዘንድ። እንደ ደንቡ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። እኔም እንደ ደንቡ ትንሽ አስቸግራችኋለሁ። ደግሞ አባቱ ከሌለበት አትምጡ።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ኦቦ ታፋ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ አድርገው ቆመዋል።  መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ሰውዬው አንድ እግራቸውን አወጡ፤ ከዚያ ቆሙ።

«አቶ ዋለ» አሉ፣ ሳይዞሩ። ድምፃቸው ያኮረፈ ነው።

«አቤት።»

«አንቱ ዘብ የማይሆኑበት ቀን መቼ ነው?»

አቶ ዋለ ጥቂት አሰቡ። «ሐሙስ ከሰዓት ቤት ነኝ።»

ኦቦ ታፋ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ። ቶሌ አላሉም። በሩን ግን ሳይዘጉት ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ አቶ ዋለን ከበው መንሾካሾክ ጀመሩ። መርጋ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር ሳያራግፍ መጥቶ ታንጉት ፊት ቆመ።

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም» አለችው። «ስለ አባቴ ያልከው ገና ያመኛል። ነገ ጠይቀኝ፤ ምናልባት ነገ እችል ይሆናል።»

«ነገ እጠይቅሻለሁ።»

«ከነገ ወዲያም ልትጠይቀኝ ትችላለህ።»

«እጠይቅሻለሁ።»

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሱም በሌላው ጫፍ ተቀመጠ። በመሀላቸው ሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አለ፤ ማንም አልሞላውም።  ታንጉት አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ድካሙ ከትከሻዋ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወደ ጣቶቿ ሲወርድ ይሰማት ነበር፤ ፊቷንም ለማንም ሳታዘጋጅ፣ እንዳለ፣ ለፀሐይዋ ተወችው።